ጫካ ላለው ሽማግሌ፣ እስር ቤት ላለው ቁልፍ



በሀገራችን በየዘመኑ ከሚነሱና እልባት ሳያገኙ ከሚቀሩ ጥያቄዎች አንዱ የእስረኛ ስም ጥያቄ ነው። መንግሥትን ተቃውሞ፣ አልፎ ተርፎም መሣሪያ አንስቶ የታሰረ ሰው ምን ተብሎ ይጠራ? ወንጀለኛ ነው ወይስ የፖለቲካ እስረኛ? በተለይ ይህ ሰው ምግብ አልበላም ብሎ ሰውነቱ እየመነመነ ሲሄድ ጥያቄው ከሕግ መጻሕፍት ወጥቶ በየሻይ ቤቱና በየመስጂዱ በር መከራከሪያ ይሆናል። አንዱ ወገን ስሙ ይገባዋል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ደም ያፈሰሰ ሰው ስለራበው ብቻ ስሙ አይለወጥም ይላል። ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት እስረኛውን ወይም የእስረኛውን ዓላማ ከመውደድና ከመጥላት ተነስተው ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የበኩሌን ለማለት የመረጥኩት መንገድ የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ ነው። ሰውየው ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው።

ለምን እሳቸውን መረጥክ የሚለኝ ቢኖር፣ እኔ የኮልፌ ሰው ነኝ። ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ ያለውን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ። በዚሁ በኮልፌ በንጉሡ ዘመን የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። የዚያ ጦር አዛዥ ደግሞ ታደሰ ብሩ ነበሩ። ታዲያ በመንደራችን እስረኛ የሚያመጣ ጦር ሲያዙ የነበሩት ሰው ራሳቸው እስረኛ ለመሆን አሥር ዓመት እንኳ አልፈጀባቸውም። በእስረኛ ስም ጉዳይ ከበሩ በሁለቱም በኩል የቆመ ሰው ሕይወት ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ታደሰ ብሩ የተወለዱት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ሸዋ በሰላሌ ነው። የልጅነት ዘመናቸው የጣሊያን ወረራ ያረፈበት ትውልድ አባል ናቸው። ከነፃነት በኋላ በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አድገው ፈጥኖ ደራሽን መርተዋል፤ በፖሊስ ሠራዊቱም በምክትል ኮሚሽነርነት ማዕረግ አገልግለዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ዙፋኑን ለመገልበጥ ሲነሱ፣ ታደሰ ብሩ ሙከራውን በማክሸፉ በኩል ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስለ አንድ አመፀኛ እየተናገርኩ ቢሆንም፣ ይህ ሰው የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፉት አመፅን በመቆጣጠር ሥራ ላይ ነው። ዓመፀኛን ለመያዝ የሠለጠኑና ሌሎችን ያሠለጠኑ፣ ለዙፋኑም ታማኝነታቸውን በተግባር ያስመሰከሩ የመንግሥት ሰው ነበሩ።

ቀጥሎ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ ኮልፌን ከዓለም ታሪክ ጋር ያገናኘ ነው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ የሕግ ባለሙያ ወታደራዊ ትምህርት ሊማር ወደ ኮልፌ ካምፕ ገባ። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ድርጅቱ የትጥቅ ትግል ክንፍ ማቋቋሙን ይፋ አድርጓል። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ላይ እንደተረኩት፣ ከጠዋት ጀምሮ በፍቃዱ የሚባሉ መቶ አለቃ የተኩስ፣ የፈንጂና የረጅም ጉዞ ልምምድ ይሰጧቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ስለ ወታደራዊ ሳይንስ ያስተምሯቸዋል። ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ስምንት ሳምንት ያህል እንደቆዩ ከሀገራቸው ተመለስ የሚል ቴሌግራም መጣ። ኮሎኔሉ የአውሮፕላን ጉዞውን አመቻችተው፣ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጥተው ሸኟቸው። ተማሪው ሀገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከዚያ በኋላ ለ27 ዓመት ተኩል ነፃ ሰው አልሆኑም።

ለመሆኑ የንጉሡ መንግሥት በዚያን ጊዜ ማንዴላን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው? የደቡብ አፍሪካ መንግሥት አሸባሪ የሚለውን ሰው አዲስ አበባ የነፃነት ታጋይ ብላ ተቀበለች፣ አሠለጠነች፣ አስታጠቀች። ስለዚህ የፖለቲካ ታጋይ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ መንግሥት እንግዳ ነገር አልነበረም። ለባዕድ ሀገር ተቃዋሚ የሚሰጥ፣ ለገዛ ልጅ የሚከለከል ስም ነበር።

የታደሰ ብሩ ሕይወት የተለወጠው በጦር ሜዳ ሳይሆን በፊደል ምክንያት ነው። በብሔራዊው የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ከፍተኛ ኃላፊነት ወስደው ሕዝቡ እንዲማር ይቀሰቅሱ ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የጄኔራሉን የኦሮሞ ተወላጅነት ሳያውቁ ኦሮሞን በገፍ ማስተማር ለመንግሥት አደጋ መሆኑን በምስጢር አጫወቷቸው። ንግግሩ በትክክል እንዴት እንደነበረ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። የማይካደው ግን በ1956 ዓ.ም. ጄኔራሉ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን መቀላቀላቸው ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን የኮልፌው ተማሪያቸው በፕሪቶሪያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ሜጫና ቱለማ በጥር 1955 ዓ.ም. በሕግ የተመሠረተ ማኅበር ነበር። ዓላማው ትምህርት ቤት፣ መንገድና ክሊኒክ በሕዝብ መዋጮ መሥራት ነው። ከሸዋ ተነስቶ ወደ አርሲ፣ ሐረርጌና ባሌ ሲስፋፋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሬት የሌለው ጭሰኛም አቤቱታውን የሚያሰማበት መድረክ አገኘ። አንድ ጄኔራል በመሐሉ ተነስቶ ሲናገር ደግሞ መንግሥት ማኅበሩን እንደ ዕድር ሊያየው አልቻለም።

በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ነገሩ ፈነዳ። በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ፈንጂ ፈነዳ ተባለ። መንግሥት የማኅበሩን ሰዎች በዚህና በመንግሥት ግልበጣ ሤራ ወነጀለ። ጄኔራሉ ከከተማ ወጥተው ለጥቂት ቀናት ቢሰወሩም ተያዙ። ማኅበሩም ታገደ። ፍርዱ በ1960 ዓ.ም. ሲሰጥ ታደሰ ብሩና መቶ አለቃ ማሞ መዘምር የሞት ቅጣት ተፈረደባቸው። በማሞ መዘምር ላይ ፍርዱ ተፈጸመ። የጄኔራሉ ግን በንጉሡ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠና ወደ ሐረርጌ፣ ገለምሶ በግዞት ተላኩ።

ውድ አንባቢያን፤ እዚህ ላይ ትረካዬን ገታ አድርጌ አንድ ነገር ልጠይቅ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በመንግሥትና በሕገ መንግሥቱ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ከሌብነት፣ ከነፍስ ግድያና ከዝርፊያ ለይቶ ለብቻቸው አስቀምጧል። በኋላ የወጣውም የወንጀል ሕግ እንደዚያው ነው። ይህ ማለት ሕጉ ራሱ ልዩነቱን ያውቃል ማለት ነው። በአድራጊው ልብ ውስጥ የነበረው የሀገር አስተዳደርን የመለወጥ ሐሳብ መሆኑን አረጋግጦ ቅጣቱን እስከ ሞት ያደርሰዋል። ታዲያ ቅጣት ሲመዘን የፖለቲካ ወንጀል የተባለው ድርጊት፣ አያያዝ ሲጠየቅ ተራ ወንጀል የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ለማክበድ የታወቀ ልዩነት ለማክበር ሲሆን ለምን ይረሳል?

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሀገራችን ልማድ ከዚህ የባሰ ምስጢር አለው። በኛ ሀገር መሣሪያ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ሁልጊዜም የፖለቲካ ሰው ተደርጎ ተቆጥሯል። የቋራው ካሳ ሸፍተው ባስቸገሩ ጊዜ እቴጌ መነን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረውላቸዋል፤ ሹመትም ሰጥተዋቸዋል። ያ ሽፍታ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። በራሳቸው በጄኔራል ታደሰ ዘመን ደግሞ የባሌው ዋቆ ጉቱ ለዓመታት ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ቆይተው በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሲሰጡ ንጉሡ ምሕረት አደረጉላቸው። ምሕረቱን እኔ አልነቅፍም፤ ደም የሚያስቀር እርቅ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አስተያዩአቸው። ለዓመታት በጠመንጃ የተዋጋው ታረቀ። ብዙውን ጊዜ በስብሰባና በንግግር የታገለው፣ ከተያዘ በኋላም ባዶ እጁን የነበረው ግን በግዞት ቀረ። ጫካ ላለው ሽማግሌ ይላካል፤ እስር ቤት ላለው ግን ቁልፍ ይዞርበታል።

ከዚህ ልማድ ሕዝቡ ምን ተማረ? ልጆቻችንስ ምን ይማራሉ? መንግሥት የሚያናግርህ መግደል እስከቻልክ ድረስ ብቻ ነው የሚል ትምህርት ነው። የእስረኛ ስም ጥያቄ የእስረኛው የግል ጥቅም ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ተማሪው እንመለስ። ማንዴላ በሮበን ደሴት ሲታሰሩ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የፖለቲካ እስረኛ የለኝም ይል ነበር። በመጨረሻው የእስረኛ ደረጃ ተመድበው በስድስት ወር አንድ ደብዳቤና አንድ ጠያቂ ብቻ ተፈቀደላቸው። ጥቁሮቹ እስረኞች አጭር ቁምጣ ይለብሱ ነበር፤ ምግባቸውም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1966 (1958 ዓ.ም.) በሌላው የደሴቱ ክፍል ያሉ እስረኞች ስለ ምግብና ስለ ሥራው ሁኔታ የረሃብ አድማ መቱ። ወሬው በላስቲክ ተጠቅልሎ በምግብ በርሜል ውስጥ በተደበቀ ወረቀት ማንዴላ ወዳሉበት ክፍል ደረሰ። እነሱም የአድማውን ምክንያት በዝርዝር ሳያውቁ ተባበሩ። ጠባቂዎቹም በራሳቸው ምግብ ጉዳይ አድማ መቱና ባለሥልጣናቱ ከሁለቱም ጋር ለመነጋገር ተገደዱ። ማንዴላ የረሃብ አድማን እምብዛም አይወዱትም ነበር። ሥራ ማቆም ወይም ማጓተት አሳሪውን ይጎዳል፣ ረሃብ ግን ታሳሪውን ነው የሚጎዳው የሚል አቋም ነበራቸው። ሆኖም ወንድሞቻቸው ከወሰኑ በኋላ አብረው ተራቡ።

የኮልፌው መምህር በዚያው ዓመት ክረምት ገና የመንግሥት ጄኔራል ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቸውም ታሰሩ። መምህርና ተማሪ በአፍሪካ ሁለት ጫፍ በአንድ ዘመን ስም የለሽ እስረኞች ሆኑ። ተማሪውን እንኳ ስም የነፈገው ጠላት ብቻ አልነበረም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ1964 ጉዳዩን ተወያይቶ፣ ኃይል ለመጠቀም አቅደዋልና የኅሊና እስረኛ አልላቸውም ብሏል። ውሳኔው መሠረት የሌለው አልነበረም። የኅሊና እስረኛ ማለት ያለ ኃይል ሐሳቡን በመግለጹ ብቻ የታሰረ ሰው ከሆነ፣ በኮልፌ የፈንጂ ትምህርት የተማረ ሰው ከዚያ ውስጥ አይገባም። የፖለቲካ እስረኛ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ንጹሕ ነው ማለት ሲሆን ሁለተኛው ጉዳዩ የሀገር ጉዳይ ነው ማለት ብቻ ነው። ብዙ ክርክራችን የሚበላሸው ሁለቱን ስለምናምታታ ነው።

ይህን ልዩነት የኢስላም ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በፊት በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ አስፍረውታል። በመንግሥት ላይ የሚነሳን ሰው በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው መንገድ ቆርጦ የሚዘርፈው ሙሓሪብ ነው። ሁለተኛው ቡጋት የሚባለው ነው። እሱም የተሳሳተም ቢሆን አሳማኝ መስሎ የታየው ምክንያት ኖሮት፣ ተከታይና ኃይል ይዞ የሚነሳ ነው። ኢማም ሻፊዒይ በአል-ኡም መጽሐፋቸው ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተውታል። አል-ማዋርዲም ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ የቡጋት ምርኮኛ እንደማይገደል፣ ወደ ውጊያ እንደማይመለስ የታመነም እንደሚለቀቅ፣ ያልታመነው ደግሞ ጦርነቱ እስኪያበቃ እንደሚቆይ አስፍረዋል። የዚህ ሁሉ መነሻ የዓሊ (ረ.ዐ) ተግባር ነው። በ36 ዓመተ ሂጅራ ከጀመል ጦርነት በኋላ የሸሸውን አላሳደዱም፣ የቆሰለውን አላስጨረሱም፣ ንብረታቸውንም እንደ ጠላት ምርኮ አልተካፈሉም። ኸዋሪጆች በተቃወሟቸው ጊዜም ሰይፍ እስካልመዘዙ ድረስ ከመስጂድ አልከለከሏቸውም፣ ድርሻቸውንም አላስቀሩባቸውም። ልብ በሉ፤ ዓሊ (ረ.ዐ) ኸዋሪጆች ትክክል ናቸው አላሉም። ሰይፍ ባነሱ ጊዜም ተዋግተዋቸዋል። የሰጧቸው ነገር የዓላማቸውን ትክክለኛነት ሳይሆን የተቃዋሚነት ሥፍራቸውን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው። በሲኒማ ቤቱ ውስጥ ለቆሰለው ሰው ምን ይባላል የሚል ነው። ማንም ቦምብ ወርዋሪ ፖለቲከኛ ነኝ ካለ የተለየ ክፍልና መጽሐፍ ይሰጠው ወይ? የተጎጂ ቤተሰብ ይህን ሲጠይቅ ፊቱን የሚያዞርበት ሰው ፍትሕን አያውቅም። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው። ስሙ ቅጣት አይሰርዝም። የንጹሐንን ደም ያፈሰሰ በደሙ ይጠየቃል፤ በፊቅሁም ቢሆን ከውጊያ ውጭ የፈሰሰ ደም ተጠያቂነት አለበት። የፖለቲካ እስረኛ የሚለው ስም የሚለውጠው የእስራቱን ዓመት ሳይሆን አያያዙን ነው። ከሌቦችና ከወሮበሎች ጋር አለመቀላቀል፣ የራስን ልብስ መልበስ፣ መጽሐፍና ጋዜጣ ማግኘት፣ በቤተሰብና በጠበቃ መጎብኘት፣ በራስ ሐኪም መታየትና ከሁሉም በላይ በጉዳዩ ላይ የሚያናግር የመንግሥት ሰው ማግኘት ነው። ይህ ከተጎጂው የሚወስደው ነገር የለም።

የረሃብ አድማውስ? ራስን ማጥፋት በሃይማኖታችን ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ዘመናዊ ዑለማዎችም በረሃብ አድማ ላይ የተለያየ ፈትዋ ሰጥተዋል፤ ለሞት የሚያደርሰውን ግን አብዛኛው ሰው ይፈራዋል። እኔም ማንንም ተራብ ብዬ አልመክርም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በሙሉ በተራበው ላይ ጭነን አሳሪውን ነፃ ማውጣታችን ትክክል አይመስለኝም። ድመት አስራ ሳትመግባት ሳትለቃትም ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። እርግጥ ነው፣ አድመኛው ምግብ ቀርቦለት ነው እምቢ ያለው። ግን በር የዘጋ ሰው በውስጡ ላለው ነፍስ አማና አለበት። አቤቱታውን የሚሰማ ሰው ጠፍቶ ሰውነቱን አቤቱታ ያደረገ እስረኛ ሲኖር፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን አትበላም ሳይሆን ምን ስትል ነበር የሚለው መሆን አለበት። በጉልበት መመገብም መፍትሔ አይደለም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 በማልታ ባወጣው መግለጫ አእምሮው ጤነኛ የሆነን አድመኛ በኃይል መመገብን ከልክሏል።

መንግሥት ስሙን በመንፈጉ ምን አተረፈ የሚለውን ከአየርላንድ እንይ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ለታጣቂ እስረኞች የተለየ ደረጃ ሰጥታ ነበር። ከመጋቢት 1976 በኋላ ለፈጸሙት ወንጀል የሚፈረድባቸውን ግን ተራ ወንጀለኛ ናችሁ አለቻቸው። ጥያቄያቸው አምስት ነበር፤ የራስን ልብስ መልበስ፣ የእስር ቤት ሥራ አለመሥራት፣ እርስ በርስ መገናኘት፣ ጠያቂና ደብዳቤ፣ የተወሰደባቸው የእስራት ቅናሽ እንዲመለስ። ቦቢ ሳንድስ የተባለ የ27 ዓመት ወጣት በአድማ ላይ እያለ በሚያዝያ 1973 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ፓርላማ ተመረጠና በ66ኛው ቀን ሞተ። ዘጠኝ ጓደኞቹም ተከተሉት። አድማው ካበቃ በኋላ ግን ከጥያቄዎቹ አብዛኛው ቀስ በቀስ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተፈረመው የሰላም ስምምነት ደግሞ የታጣቂ ድርጅቶቹ እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈቱ ተወሰነ። ታዲያ በመጨረሻ የሚሰጥ ነገር በአሥር ሬሳ ላይ ተራምዶ መስጠት ምን ይባላል?

እኛም ከዚህ ብዙ አልራቅንም። ኢሕአዴግ በዘመኑ ሁሉ የፖለቲካ እስረኛ የለም ሲል ኖረ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ደግሞ መሣሪያ የያዘውንና ያልያዘውን በአንድ ከረጢት ከተተ። ድምፃችን ይሰማ ብሎ የተነሳው የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ሰላማዊ ሆነው ሳለ በዚሁ አዋጅ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ግን ተፈቱ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መንግሥት በፖለቲካ ጉዳይ የታሰሩትን እፈታለሁ ባለ ጊዜም የፖለቲካ እስረኛ የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ማስተካከያ ተሰጠበት። በሩ እየተከፈተ እንኳ ስሙ ተፈራ። በ2013 ዓ.ም. እነ አቶ በቀለ ገርባና አቶ ጃዋር መሐመድ ወደ 40 ቀን ገደማ በረሃብ አድማ ቆዩ። ተራ የወንጀል ተከሳሾች ናቸው ተብሎ ነበር። በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን መንግሥት ክሳቸውን አቋርጦ ሲለቅ ያቀረበው ምክንያት ብሔራዊ ምክክርና እርቅ ነበር። ተራ ወንጀለኛ ለብሔራዊ ምክክር ሲባል ይፈታል እንዴ? ሲታሰሩ የተነፈጉት ስም ሲፈቱ ተሰጣቸው።

አሁን የጄኔራል ታደሰን ታሪክ ልጨርስ። አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከግዞት ወጡ። ብዙ ሰው ደርግ እንዲህ ያለውን ሰው ይጠቀምበታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸውና አዲሶቹ ገዢዎች ግን አልተስማሙም። ጄኔራሉም የሀገሪቱን ልማድ ያውቁት ነበርና የሚሰማው ወደሚሰማበት ቦታ ሄዱ፤ ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ሆነው በምዕራብ ሸዋ ሸፈቱ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ሁለቱም ተገደሉ። የገጠር መሬትን ለሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀደም ብሎ በየካቲት 25 ነበር። ሜጫና ቱለማ በየስብሰባው ይሰማው ከነበረው የጭሰኛ እሮሮ ዋነኛው በወረቀት ላይ በተመለሰ ማግሥት ጄኔራሉ ጥይት ተቀበሉ።

ተማሪያቸው ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይልን ከካድክ እለቅሃለሁ ሲላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥቱ ከእስረኛው ጋር በእስር ቤት ውስጥ መነጋገር ጀመረ። ጠመንጃ ከያዘው ጋር ሳይሆን ቁልፍ ከተዞረበት ጋር ተደራደረ ማለት ነው። ያ ንግግር የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፤ በግንቦት 1986 ዓ.ም. እስረኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሻሻለውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ በስማቸው የማንዴላ ደንቦች ብሎ ሰይሞታል። ደንቦቹ ሰውን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ ነጥሎ መዝጋትን ይከለክላሉ። በኮልፌ ሽጉጥ የተሰጣቸው ሰው ስም ዛሬ የሚጠራው የእስረኛን መብት በሚጠብቅ ሰነድ ላይ ነው። ሽጉጡን የሰጡት ሰው ግን እንዲህ ያለ ሰነድ የሚከላከልላቸው አላገኙም።

መምህሩና ተማሪው የተለያዩት በድፍረት ወይም በዕውቀት አይደለም፤ በሽጉጡም አይደለም። ልዩነቱ ያሰራቸው መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን በእስር ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ፖለቲካ ማየት ችሎ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ነው። አዲስ አበባ ገለምሶ ድረስ ሄዳ ሽማግሌ ብትልክ ኖሮ ጄኔራሉ ዳግመኛ ጫካ ይገቡ ነበር ወይ? ይህን አላህ ነው የሚያውቀው። ሳይሞከር መቅረቱን ግን እኛም እናውቃለን።

ስለዚህ ለጥያቄው የእኔ መልስ አዎን፣ ስሙ ይገባቸዋል ነው። ዓላማቸው ትክክል ስለሆነ ወይም ስለራባቸው አይደለም። መሣሪያ ያነሳ ሁሉ በፍርድ ቤት ፊት ይቁም፣ ደም ካለበት ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ ግን የተከሰሰበት ጉዳይ የሀገር አስተዳደር ጉዳይ መሆኑን ራሱ የክስ ወረቀቱ ከመሰከረ፣ መንግሥት በችሎት የጻፈውን በእስር ቤት አይካድ። ስሙን የመስጠቱ ሥልጣንም ለአሳሪው ብቻ ባይተው ይሻላል፤ የፈረደው ፍርድ ቤት በውሳኔው ላይ ይመዝግበው። የሃይማኖት አባቶችና የሀገር ሽማግሌዎችም ጫካ ለመውጣት ጫማቸውን እንደሚያጠብቁት ሁሉ፣ የእስር ቤቱንም በር ያንኳኩ። ልጆቻችን መደመጥ የሚቻለው በጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ማየት አለባቸው፤ የሚያዩትም ባዶ እጁን የተቀመጠ እስረኛ ሲደመጥ ነው።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።